ቤት ለመሥራት ስንነሣ፤ ከመሬት በታች ያለው ወጪ



ሰው ለኑሮው የግድ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ መጠለያ መሆኑን ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምረን የተማርነው ነው። ይሁን እንጂ መጠለያ ከምግብና ከልብስ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ምግብ ዛሬ ቢጎድል ነገ ሊሞላ ይችላል፤ ልብስም ቢያረጅ ተጥፎ ይለበሳል። ቤት ግን አብዛኛው ቤተሰብ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራው፥ ሲሠራውም ያለውን ሁሉ አሟጦ የሚያወጣበት ነገር ነው። በመጀመሪያው ቤት ተምሬ ሁለተኛውን አሳምሬ እሠራለሁ ለማለት የሚችል ሰው በየሠፈራችን ስንት ነው? በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህም በዚህ ሥራ ላይ የሚፈጸም የሒሳብ ስሕተት የሚታረምበት ሌላ ቀን አይገኝለትም።

እኔ የሕንፃ ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ገና ያልተመረቅሁ በመሆኔ ስለ ትልልቅ ሕንፃዎች ምክር ለመስጠት አልደፍርም። ነገር ግን በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከምንገኘው ወጣቶች የብዙዎቻችን ቤተሰቦች ወይ ቤት ጀምረዋል፥ ወይ ሊጀምሩ አስበዋል፥ ወይም በዐረብ አገር ያለች እኅት በምትልከው ገንዘብ በማሠራት ላይ ናቸው። በየቤታችንም «ተምረዋል» ተብለን የምንጠየቀው እኛው ነን። «እስኪ ስንት ይፈጃል? አንተ አስላልን» ስንባል ምን ብለን እንመልሳለን? ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ነው።

በብር አልናገርም። ምክንያቱም ዛሬ የምጽፈው የሲሚንቶ ዋጋ ይህ ጽሑፍ ተባዝቶ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ እንኳ ላይቆይ ይችላል። ይልቁንስ በኩንታል፥ በሜትር ኩብና በቁጥር እናስላ። መጠኑ ከታወቀ የዕለቱን ዋጋ ከሱቅ ጠይቆ ማባዛት ለማንም አያስቸግርም። መጠኑ ካልታወቀ ግን የዋጋ ወሬ ብቻውን የሚጠቅመው ነገር የለም።

ለምሳሌ የሚሆነን አንድ ቤት እንውሰድ። ርዝመቱ 8 ሜትር፥ ስፋቱ 5 ሜትር፥ መካከሉ በአንድ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ፥ ግድግዳው ብሎኬት፥ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። 40 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ትንሽ ቤት ቢሆንም አምስት ነፍስ በደኅና ያድርበታል። ዙሪያው 26 ሜትር ነው፤ የመካከሉን 5 ሜትር ስንጨምርበት የግድግዳው ርዝመት በጠቅላላው 31 ሜትር ይሆናል። ይህን 31 አትርሱት፤ ከእንግዲህ ብዙው ነገር የሚባዛው በእርሱ ነው።

ሰው ስለ ቤት ሲያስብ በዓይነ ሕሊናው ቀድሞ የሚመጣለት ግድግዳው ስለሆነ ከግድግዳው እንጀምር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ80 ቢሆን፥ በ31 ሲባዛ ወደ 87 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለበርና ለመስኮት 12 ካሬ ሜትር ያህል ሲቀነስለት 75 ይቀራል። አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ብሎኬት 12 ተኩል ይፈጃል። የሚሰበረውን ጨምረን 1,000 ብሎኬት እንበለው። ብሎኬቱን እያያያዙ ለመደርደር 5 ኩንታል ያህል ሲሚንቶ ይበቃል። እንግዲህ ግድግዳው ራሱ ለግንበኛው እጅ የሚጠይቀው ሲሚንቶ ይህን ያህል ነው። ብዙ ሰው «ሺህ ብሎኬት ከገዛሁማ ቤቱ አለቀ» የሚለው በዚህ ተታሎ ነው።

አሁን ወደ ታች እንውረድ። መሬቱ ጠንካራ ነው ብለን፥ ጉድጓዱን 1 ሜትር እንቆፍራለን እንበል። በውስጡ ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የድንጋይ ግንብ ይሠራል፤ ግንቡ ከመሬት በላይም ግማሽ ሜትር ብቅ ስለሚል ጠቅላላ ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል ነው። 31 በ0.50፥ እንደገና በ1.50 ስናባዛው 23 ሜትር ኩብ ከሩብ ግንብ እናገኛለን። ለአንድ ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብ 1 ኩንታል ከ20 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ስለሚገባ፥ እዚህ ላይ ብቻ 28 ኩንታል ሄደ። ከግንቡ በላይ ዙሪያውን የሚያስረው፥ ሠራተኞቹ ግሬድ ቢም የሚሉት አርማታ 5 ኩንታል ይወስዳል። ከዚያም ወለሉ አለ። ድንጋዩ ተጠቅጥቆ ከላዩ 10 ሳንቲ ሜትር አርማታ ሲፈስስበት 4 ሜትር ኩብ ነው፤ 13 ኩንታል እንበለው። ተደምሮ 46 ኩንታል ሆነ። ልብ በሉ፥ እስካሁን አንድ ብሎኬት እንኳ አልተነሣም። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቢያየን ከጉልበት ያልበለጠ ድንጋይ እንጂ ቤት አያይም።

ከዚህ በላይ ያለው ምን ያህል ነው? ለቆሚዎቹ ኮለኖችና ከግድግዳው ራስ ላይ ለሚዞረው ማሰሪያ 9 ኩንታል፥ ለብሎኬቱ ያልነው 5 ኩንታል፥ ለልስኑ 14 ኩንታል፤ ድምሩ 28 ነው። እንግዲህ በዕቃ ግዥ ከምናውቀው 74 ኩንታል ሲሚንቶ ውስጥ 46ቱ፥ ማለትም ከመቶው ከ60 በላይ የሆነው፥ ከእግራችን በታች የሚቀር ነው። በእርግጥ በብሎኬቱ ውስጥም ሲሚንቶ አለ፤ እርሱ ግን በብሎኬቱ ዋጋ ውስጥ የገባ ስለሆነ አልቆጠርሁትም። እነዚህ ቁጥሮች እንደ ሠራተኛው እጅና እንደ አሠራሩ ከፍና ዝቅ ማለታቸው አይቀርም። አካሄዱ ግን አይለወጥም።

በወንጌል ግንብ ሊሠራ ስለ ተነሣ ሰው የተነገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ ሰው ወጪውን አስቀድሞ ሳይቆጥር በመጀመሩ መጨረስ አቅቶት የሰው መሣቂያ ሆነ። ብዙ ጊዜ ስናነበው የምናልፈው አንድ ነገር አለ፤ ሰውዬው ያቆመው መሠረቱን ከጣለ በኋላ ነው። ከላይ ያሰላነውን ላየ ሰው ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ገንዘብ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነውና። በዐለት ላይ ቤቱን ስለ ሠራው ሰው የሚናገረውም ምሳሌ በማቴዎስና በሉቃስ ወንጌል ተጽፎ ይገኛል፤ ሰውዬው አጥልቆ መቆፈሩን ለይቶ የሚነግረን ግን ሉቃስ ነው። በምሳሌው ውስጥ ያለው ወጪ ይኸው ቁፋሮ ይመስለኛል። ዐለቱ ለሁሉም አለ፤ ልዩነቱ እስኪደርሱበት ድረስ የሚወርዱት ሜትር ነው።

የመሬቱንም ነገር ካነሣን፥ እስካሁን ያሰላነው አፈሩ ጥሩ ከሆነ ነው። በአዲስ አበባ ወደ እንጦጦ ግርጌ ያለው መሬት ቀይ አፈር የሚበዛበት ሲሆን፥ ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ ቃሊቲ ሲወርዱ ጥቁሩ አፈር ይበዛል። ይህ ጥቁር አፈር ገበሬ ለጤፍና ለስንዴ የሚወድደው፥ ግንበኛ ግን የሚፈራው ነው። በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፥ በበጋ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ እግር እስኪያስገባ ድረስ ሲሰነጠቅም ታያላችሁ። በላዩ ላይ የቆመ ቤት በየዓመቱ በአንድ በኩል ከፍ በሌላው ዝቅ ስለሚል፥ ከመስኮቱ ማዕዘን እየተነሣ ወደ ጎን የሚሄድ ስንጥቅ ያወጣል። ይህ ስንጥቅ በልስንና በቀለም አይድንም። መድኃኒቱ ጥቁሩን አልፎ ጠንካራው መሬት ላይ መድረስ ነው። በምሳሌያችን ቤት አንድ ሜትር ጨምሮ ለመውረድ 31 በ0.50 በ1 ሲባዛ 15 ሜትር ኩብ ተኩል ተጨማሪ ግንብ፥ ከ18 ኩንታል የበለጠ ተጨማሪ ሲሚንቶ ነው። ለቤቱ ግን ያ ገንዘብ አንድ ክፍል እንኳ አይጨምርለትም።

እዚህ ላይ አንድ ቤተሰብ ላይ የደረሰውን ልናገር። ከእኛ ሠፈር ብዙም ሩቅ አይደሉም። ትልቋ ልጅ በዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች። በየወሩ የምትልከውን እናቲቱ ሳያጎድሉ አጠራቅመዋል፤ ለራሳቸው ነጠላ እንኳ አልገዙበትም። ቦታው በእጃቸው ነበረ። ታናሽ ወንድሟ ቁጥር የሚወድ፥ ጠንቃቃ ልጅ ነው። ደብተር ገዝቶ ብሎኬቱን፥ ቆርቆሮውን፥ በሩን፥ መስኮቱን፥ ኮርኒሱን፥ የቀለሙን ቆርቆሮ ሳይቀር ጽፎ አስልቷል። ለመሠረቱ ግን አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ «ድንጋይና ቁፋሮ» የሚል። ዋጋ ሳይጨምር ተብሎም ብሎኬቱና ቆርቆሮው ቀድሞ ተገዛ።

ቁፋሮው ተጀመረ። አንድ ሜትር ወረዱ፤ ጥቁር ነው። አንድ ሜትር ተኩል ወረዱ፤ አሁንም ጥቁር ነው። ግንበኛው ሐቀኛ ሰው ነበርና ሥራውን አቁሞ «እማማ፥ እዚህ ላይ ግንብ ከጀመርን እኔ ገንዘቤን ተቀብዬ እሄዳለሁ፤ ክረምቱ ሲገባ ግን ቤትዎ ይሰነጠቃል» አላቸው። ጠንካራው መሬት የተገኘው ከሁለት ሜትር በታች ነው። ድንጋዩ፥ አሸዋውና ሲሚንቶው የደብተሩን ገንዘብ ጨረሰው። ኮለኖቹን ለማቆም የተገዛው ቆርቆሮ ተመልሶ ተሸጠ፤ የተገዛ ዕቃ ሲሸጥ ደግሞ የገዛበትን አያመጣም። ብሎኬቱ ክረምቱን በዝናብ ላይ ከረመ፥ ግማሹም እየተነሣ እየተጣለ ተሸራረፈ። እኅቲቱ ለፋሲካ ስትመጣ ያየችው ስምንት ኮለንና በሣር የተከበበ ግንብ ነው። አልተቈጣችም። ሦስት ሳምንት ተቀምጣ የሁለት ዓመት ውል ፈርማ ተመለሰች። እናቲቱ አሁን ያን ግንብ ሲያሳዩ «ሁለት ዓመቷ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው» ይላሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሰነፈ ወይም የሰረቀ ሰው የለም። ይህ ነው የሚያሳዝነው። አንድ የቀን ሠራተኛ በአንድ ቀን ደመወዝ በቦታው ጥግ ላይ የሙከራ ጉድጓድ ቢቆፍር ኖሮ ሁለት ሜትር ጥቁር አፈር መኖሩ ከመጀመሪያው ይታወቅ ነበር። ያን ጊዜ በ40 ካሬ ሜትር ፋንታ 20ውን ሠርተው ሊገቡበት ይችሉ ነበር። ስለዚህም ቤተሰባችሁ ቦታ ካለው፥ ብሎኬት ከመጠየቃችሁ በፊት አፈሩን ጠይቁት። ጉድጓዱ በቦታው ሁለት ጥግ ላይ ቢቆፈር ይመረጣል፤ አንዱ ጥግ ጥሩ ሆኖ ሌላው የተደለደለ አፈር ወይም የድሮ ቆሻሻ መጣያ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። ጎረቤት ቤት ላይ ስንጥቅ መኖሩንም ተመልከቱ፤ ያለ ክፍያ የሚገኝ ምስክር ነው።

ስለ ዋጋ መናር ጥቂት ልበል፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው እርሱን ስለሆነ። በአገራችን ሲሚንቶ በብዛት መመረት የጀመረው ዛሬ አይደለም። የሙገር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህም ሌሎች ተጨምረዋል፥ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ፋብሪካም አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የፋብሪካ መለዋወጫና የአርማታ ብረት የሚቀልጥበት ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ስለሆነ፥ የብር ዋጋ ሲወርድ የቤት ዋጋ ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ በ57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የፌሮ ብረት፥ የኤሌክትሪክ ገመድ፥ የቧንቧና የሴራሚክ ገዢ ይህን በኪሱ ዐውቆታል። ከውጭ በሚላክ ገንዘብ የሚሠራ ሰው በከፊል ይካካስለታል፤ በወር ደመወዝ ቆጥቦ የሚሠራው ግን የሚካካስለት ነገር የለም። ለዚህም ነው ወጪውን በብር ሳይሆን በመጠን ያዙት የምለው።

ብረቱን በተመለከተ አንድ ቀላል ትምህርት ልስጣችሁ፤ ክፍል ውስጥ ከተማርኋቸው ሁሉ ለቤተሰብ የሚጠቅም ሆኖ ያገኘሁት ይህ ነው። የፌሮን ውፍረት በሚሊ ሜትር ወስዳችሁ በራሱ አባዙት፤ የሚገኘውን ለ162 አካፍሉት፤ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ግራም ይመጣላችኋል። ለምሳሌ ባለ 12 ከሆነ 12 ጊዜ 12፥ 144 ነው። ለ162 ሲካፈል 0.89 ኪሎ ግድም ነው። አንድ ዘንግ 12 ሜትር ስለሆነ ሙሉው ዘንግ 10 ኪሎ ከ700 ግራም ያህል መመዘን አለበት። ሚዛን ላይ 9 ኪሎ ቢሆንባችሁ ውፍረቱ 12 ሳይሆን 11 ነው ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል አትበሉ፤ ብረቱ ከመቶ 16 ቀንሷል። ምሳሌ ያደረግነው ቤት ለኮለኑና ለማሰሪያዎቹ ባለ 12ቱን 35 ዘንግ ያህል ይፈልጋል፤ የስታፋው ቀጭን ብረት ለብቻው ነው። ድንጋይና አሸዋ የሚያመጣውን መኪና ደግሞ በስሙ አትግዙት። ሣጥኑን ርዝመቱን፥ ስፋቱንና የተጫነበትን ቁመት በሜትር ለክታችሁ አባዙት።

የሚረሳ ወጪ ብዙ ነው። ግድግዳ ሁለት ፊት አለው፤ 75 ካሬ ሜትር ግድግዳ 150 ካሬ ሜትር ልስን ነው፥ ቀለሙም እንደዚሁ። መጸዳጃው፥ የፍሳሹ ጉድጓድ፥ የውኃና የመብራት ማስገቢያ፥ የዕቃ ጠባቂው ዘበኛ ደመወዝ በማንም ደብተር ላይ በጊዜ አይገቡም። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን አጥር ነው። 10 በ15 ሜትር የሆነ ቦታ ዙሪያው 50 ሜትር ነው፤ የቤቱ ግድግዳ ደግሞ 31 ሜትር ነበረ። አጥሩ 2 ሜትር ቁመት ባለው ብሎኬት ቢሠራ 100 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ከቤቱ ግድግዳ ይበልጣል ማለት ነው! የራሱን መሠረት፥ ኮለንና ትልቅ የብረት በር ሲጨምሩበት ቤቱን የሚወዳደር ሥራ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ቤት ያለ ክዳን የቀረው የአጥር ማማር ገንዘቡን ወስዶበት ነው። ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ በር በማስዋብ ቤት የለም፤ ቆርቆሮ አጥር ለጥቂት ዓመታት ማንንም አያሳፍርም።

ጊዜም ራሱ ዋጋ አለው። ሲሚንቶ ተገዝቶ ሦስት ወር ሲቀመጥ ከጥንካሬው አንድ አምስተኛ ያህል ሊያጣ እንደሚችል ያስተምሩናል፤ ክረምት በሚገባበት እርጥብ መጋዘን ውስጥ ከሆነማ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። «ወደፊት ፎቅ እጨምራለሁ» ተብሎ ከኮለን ራስ ላይ የተተወ ብረት በዝናብ ይዝጋል። አርማታ በተፈሰሰ ማግስት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውኃ መጠጣት አለበት፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ደግሞ በርሜልና ውኃ ቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል። አርማታው በሚቦካበት ጊዜ ግን በተቃራኒው ውኃ ማብዛት ክልክል ነው፤ ለማፍሰስ ይቀላል፥ ሲደርቅ ግን ደካማ ነው። ቁፋሮ ከጥቅምት በኋላ ቢጀመር መልካም ነው፤ በሐምሌ የተቆፈረ ጉድጓድ ተንዶ ሁለተኛ ይቆፈራል፥ ሁለተኛም ይከፈልበታል።

ስለ ጭቃ ቤትም ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም፤ በተማሪዎች ዘንድ እንደ ድህነት ምልክት ብቻ ሲነገር እሰማለሁና። አብዛኞቻችን ያደግነው በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭድ በተቦካ ጭቃ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። የተጠቃ የጭቃ ቤት ባየን ቁጥር ጉዳቱን ብንመረምር፥ እንጨቱ መሬት ውስጥ ገብቶ ምስጥ በልቶታል፥ ወይም ክዳኑ አጭር ሆኖ ዝናብ ግድግዳውን አጥቦታል። ከሥሩ ግማሽ ሜትር የድንጋይ ግንብ ከተደረገለት፥ ክዳኑም ከግድግዳው ሰፋ ብሎ ከወጣ፥ ምርጊቱም በየጊዜው ከታደሰ ረጅም ዘመን ያገለግላል። ማዘጋጃ ቤቱ በሚፈቅድበት ከተማና መንደር፥ በዕዳ ከተጀመረ የብሎኬት ኮለን ይልቅ የተጠናቀቀ የጭቃ ቤት ይሻላል ባይ ነኝ።

ከቤቱ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት የቦታው ወረቀት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፥ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚፈቀደውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ከተወሰነ ወዲህ፥ ሕጉ በየጊዜው ተለዋውጧል፤ በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወጣ፥ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ተተካ። መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑ ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ጸንቶ ተቀምጧል። እንግዲህ በመንደር ውልና በሽማግሌ ፊርማ ብቻ ቦታ «የገዛ» ሰው የገዛው ነገር በሕግ ፊት ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት አለበት። በአንድ ሌሊት ቆሞ የሚያድረው የጨረቃ ቤት ርካሽ የሚመስለው እስኪፈርስ ድረስ ነው። የእኅት ስድስት ዓመት ድካም እንዲህ ባለ ቦታ ላይ አይፈስስም።

ታዲያ ገንዘቡ ለ40 ካሬ ሜትር የማይበቃ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ብዙዎች መሠረቱን በሙሉ ጥለው ከላይ ያለውን ቀስ በቀስ ለመሥራት ያስባሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ከመቶው ስድሳ የሚሆነውን ሲሚንቶ ቀብሮ፥ አንድም ሰው ሳያድርበት ለዓመታት መጠበቅ ነውና። የተሻለው ቤቱን በቁመት ሳይሆን በወርድ መክፈል ነው፤ ማለትም አንዱን ክፍል ከመሠረት እስከ ክዳን ድረስ መጨረስ፥ ሁለተኛው ክፍል ገንዘብ ሲገኝ የራሱን መሠረትና ኮለን ይዞ አጠገቡ እንዲቆም ቦታውን በፕላኑ ላይ አስቀድሞ መተው ነው። በኋላ የሚጨመረው በመሆኑ አንዳንድ ነገር ይደገማል፤ ጠቅላላ ወጪውም በመጨረሻ ከፍ ይላል፥ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቤተሰቡ በዚያው ዓመት ይገባበታል።

5 በ4 ሜትር የሆነውን አንድ ክፍል እናስላው። ዙሪያው 18 ሜትር ነው። አንድ ሜትር በሚቆፈር ጠንካራ መሬት ላይ መሠረቱ 13 ሜትር ኩብ ተኩል ግንብና 16 ኩንታል ሲሚንቶ ይወስዳል። ሁለቱ ማሰሪያዎችና አራቱ ኮለኖች 8፥ ወለሉ 7፥ የብሎኬቱ ድርደራ 3፥ ልስኑ 8 ኩንታል ነው። ድምሩ 42 ኩንታል ነው፤ ብሎኬቱም የሚሰበረውን ጨምሮ 570 ያህል ይበቃል። ጥቁር አፈር ሆኖ አንድ ሜትር መጨመር ቢያስፈልግ 9 ሜትር ኩብ ግንብና 11 ኩንታል ሲሚንቶ ይጨመርበታል።

እነዚህን ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ፥ በአጠገባቸው የዕለቱን ዋጋ ከግንበኛውና ከአናጢው የእጅ ዋጋ ጋር አስቀምጡ። ገንዘቡን ለምትልከው እኅትም ከመጀመሩ በፊት አንብቡላት። የድምሩን ብር በወር ደመወዟ አካፍሉት፤ ስንት ወር እንደሆነ እርሷው ትናገር፥ አንድ ክፍል ወይስ ሁለት የሚለውንም እርሷ ትወስን። አንዱ ክፍል ባለቀ ወር እናት ከኪራይ ቤት ይወጣሉ፤ ለአከራዩ ይከፈል የነበረውም ገንዘብ ከዚያ ወር ጀምሮ ለሁለተኛው ክፍል ድንጋይ መግዣ ይጠራቀማል።